አያ ይማም የመረጡት ምንሽር

ልጅ እያለሁ የጠመንጃ ደግነት የሚታወቀው በማብረቅረቁ ይመስለኝ ነበር። ጠመንጃ ብቻም አይደል፤ የሚያበራ ነገር ሁሉ ሸጋ፣ የደበዘዘ ነገር ሁሉ የድሃ ዕቃ ነበር ለእኔ። ዛሬ አርባን ተሻግሬ፣ ደሴ ላይ ሒሳብ እያስተማርኩ፣ ያን የልጅነት ሚዛኔን ባስታወስኩ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ መሬት መሬት አያለሁ። በዚያ ሚዛን የተነሳ አንድ ሰው የቀኝ እጁን ጉልበት አጥቷል።

ቤታችን ከመካነ ሰላም የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቆ፣ ደንቆሮ በሚባለው ጫካ አፋፍ ላይ ነበር። ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት ብርዳም አገር ነው። በክረምት ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተጎተተ ይወጣና ደጃችን ላይ ይቆማል፤ ከቤት እስከ በረት ስንሄድ እንኳ ፀጉራችን ይረጥባል። እስካሁን ድረስ እርጥብ የአስታ እንጨት ሲጨስ የሸተተኝ እንደሆነ ያ ጉም ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ከትምህርት ቤት መልስ ከጓደኛዬ ከአለሚቱ ጋር ጠጠር ለቅመን ቅልልቦሽ እንጫወታለን፤ ጣታችን በብርድ ደንዝዞ ጠጠሩ ባመለጠን ቁጥር በሳቅ እንፈርሳለን።

በዚያ ዓመት ግን አዋቂዎቹ አይስቁም ነበር። ዝንጀሮው እሸቱን፣ ነብሩ በጉን እየጨረሱ አስቸገሩ። ነብሩ ከገደሉ ወጥቶ በቀን በግ ከመንጋ መሐል መንጠቅ ሲጀምር አባቴ ደምሴ አንድ ወይፈን ሸጦ ጠመንጃ ሊገዛ ቆረጠ። አባቴ ጎበዝ አራሽ ነበር እንጂ ስለ ጠመንጃ ብዙም አያውቅም። ስለዚህ ጎረቤታችንን አያ ይማምን እንዲመርጡለት ለመናቸው።

አያ ይማም በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም የራሳቸውን ጠመንጃ ለወንድማቸው ሰጥተው «በጦራቸውና በአፍንጫቸው ቀሩ» ይባልላቸው ነበር። ነብር ያለፈበትን ቁጥቋጦ አሽትተው ያውቃሉ። ለእኔ ግን ከሁሉ በላይ ደብተሬን ተቀብለው ገልበጥ ገልበጥ እያደረጉ፣ ማንበብ ሳይችሉ፣ «ማሻ አላህ፣ ጽሕፈቷ እንደ ጤፍ የደቀቀ» የሚሉኝ ሰው ነበሩ።

በገበያ ቀን ሦስታችን መካነ ሰላም ወጣን። እኔ የሄድኩት ደብተር ይገዛልሻል ተብዬ ነው። ከገበያው ጀርባ ባለ አንድ ግቢ፣ ከወግዲ የመጣ ነጋዴ ጀንዲ አንጥፎ አራት ጠመንጃ ደርድሯል። ሁለቱን አያ ይማም ገና ከሩቁ አይተው ተዉአቸው። ከቀሩት አንዷ ሰደፏ በቅባት ታሽቶ ፊት የምታሳይ፣ ብረቷ ጥቁር ቀለም የተቀባ ቆንጆ ናት። ሌላዋ አሮጌ ምንሽር ናት። ቀለሟ ከዓመታት በፊት ለቋል፣ ሰደፏ ከመሐል ተሰንጥቋል።

«አያ ይማም፣ እስቲ ይችን ይዩልኝ» አለ አባቴ ቆንጆዋን አንስቶ።

«ሸጋ ናት። ለሙሽራ ትሆናለች» አሉና ተቀበሉት። ከዚያም ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ። ከግቢው አፈር ቆንጠር አድርገው ማቀባበያዋ ላይ በተኑ፤ ለሶላት መታጠቢያ፣ ለውዱ፣ ከያዙት ውኃም ጠብ ጠብ አደረጉባት።

ነጋዴው ተፈናጥሮ ተነሳ። «ኧረ አያ! ዕቃዬን አበላሹብኝ!»

«አላበላሸሁም። የአገራችንን አየር አቀመስኳት እንጂ።»

ማቀባበያውን ሲስቡት ብረቱ አሸዋ እንደ በላ ጥርስ ተንቀጫቅጮ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ጠምዘዝ ቢያደርጉት ወይ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ አላለም። «አካሏ ከሦስት ጠመንጃ የተለቃቀመ ነው» አሉ ለአባቴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ቀጥለው ምንሽሯን አነሡና ያንኑ አፈር፣ ያንኑ ውኃ ሰጧት። ሳቡት፤ ቀጭ። ገፉት፤ ቀጭ። አሥር ጊዜ ደጋገሙት። አንዴም አልከበደችም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ነይ የሽዬ፣ የእኔ ዓይን ደክሟል፤ ባዶ ናት አትፍሪ፣ በዚህ በኩል በአፈሙዟ ውስጥ አጮልቀሽ ወደ ሰማይ ተመልከች። ምን ይታይሻል?» አሉኝ።

«እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠማዘዘ መስመር።»

«ጥርት ብሎ ነው ወይስ ተበልቷል?»

«ጥርት ብሎ።»

«በቃ፣ ዓይኔ መሰከረችልኝ» ብለው ሳቁ። ከዚያ አባቴን ወደ ጥግ ወሰዱት። «ደምሴ ስማኝ። ጠመንጃና በቅሎ አንድ ናቸው፤ ሰኮናዋን እንጂ ፀጉሯን አትይ። የዚች ጥይት ከየትኛውም ጎረቤት ይገኛል። ብትጎዳ እዚሁ ያለ አንጥረኛ ይጠግናታል። ጉም በላኝ፣ ጭቃ ነካኝ ብላ አታኮርፍህም። የተሰነጠቀው እንጨቷ ነው፤ እሱን በጠፍር እናስረዋለን። ብረቷ ቢሆን ነበር የሚያስለቅስ።»

ዋጋዋም ከሁሉ የቀለለ ስለነበር አባቴ ደብተር ብቻ ሳይሆን የፕላስቲክ ጫማም ገዛልኝ። ያን ቀን ስንመለስ አያ ይማም እርጥብ ጠፍር ሰደፏ ላይ እየጠመጠሙ፣ ሲደርቅ እንዴት እንደሚያጠብቀው ለአባቴ ሲያስረዱት በደስታ እየሰማሁ ነበር የሄድኩት።

ደስታዬ እስከ ሰኞ ቆየ። ትምህርት ቤት በር ላይ አለሚቱ ልጆቹን ሰብስባ «የእነ የሺ ጠመንጃ እግሩ ተሰብሮ ወጌሻ አስሮታል አሉ!» ብላ አሳቀችብኝ። የእሷ አባት ጠመንጃ ያበራ ነበር። ቀልድ ናት፤ ነገ የምትረሳ የልጅ ቀልድ። እኔ ግን መዋጥ አቃተኝ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የእናቴ ታናሽ ወንድም ወግዲ አካባቢ ሊያገባ ነው፤ አባቴ ከሙሽራው አጃቢዎች አንዱ ነው። ያን ሁሉ ሰው ፊት በጠፍር የታሰረ ጠመንጃ ይዞ ሲቆም ታየኝ።

መንገዱን ሁሉ እያለቀስኩ ሄጄ አባቴን በረት ውስጥ አገኘሁት።

«አባዬ፣ ሰው እኮ ይስቅብሃል።»

«ማን ነው የሚስቅብኝ?»

«ሁሉም። ‹ደምሴ ድህነቱን በጠፍር አስሮ ትከሻው ላይ ያዞራል› ይላሉ።»

ማንም እንዲህ አላለም። አለሚቱ የቀለደችው በጠመንጃዋ እንጂ በአባቴ አልነበረም። ያችን ንግግር መንገድ ላይ እያለቀስኩ እኔው ነኝ የፈጠርኳት።  አባቴ የያዘውን ገለባ አስቀመጠ፣ እጁን በቁምጣው ጠረገ፣ ከዚያ ገለባውን መልሶ አነሣው። ካፍ የወጣ አፋፍ የሚሉት ይህን ነው። እኔ በነጋታው ከአለሚቱ ጋር ታርቄ ቅልልቦሽ ስጫወት፣ ቃሌ አባቴ ውስጥ ሥር ሰድዶ ነበር።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል አባቴ ምንሽሯን ከአንዲት በግ ጋር ለነጋዴው ሰጥቶ ቆንጆዋን ይዞ ገባ። እናቴ ስታያት ክው አለች። «ባለሙያ የመረጠልህን ጥለህ? ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማህም?» አለችው። እሱ ግን እኔን አየት አድርጎ ፈገግ አለ። ያች ፈገግታ ለእኔ የተገዛች ነበረች፤ አውቄያለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ለአያ ይማም እንዳትነግሪ። እንዳይቀየሙኝ ቀስ ብዬ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለኝ።

አያ ይማም በዚያ ሰሞን የታመሙ እኅታቸውን ሊያስታምሙ ማሻ ወደሚባል አገር ሄደው ነበርና ሠርጉ ላይ አልተገኙም። አባቴ በደረቁ ፀሐይ፣ በተጠረገ ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ጠመንጃዋ አብረቀረቀች፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔም ከአጎቶቼ ልጆች ፊት አንገቴን ቀና አድርጌ ቆምኩ። እንደዚያ ቀን የኮራሁበትን ቀን አላስታውስም። ያሳፍረኛል እንጂ እውነቱ ይኸው ነው።

አያ ይማም የተመለሱት ክረምቱ ሲገባ ነው። አባቴ ዛሬ ነገ እያለ ሳይነግራቸው ሐምሌ ደረሰ፤ ጠመንጃዋን በሸራ ጠቅልሎ ነበር የሚይዛት። ነብሩ በአንድ ሳምንት ከሦስት ቤት በግ ወሰደ፣ በመጨረሻም ውኃ ልትቀዳ የወረደች ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ተነሣባት፤ እንስራዋን ጥላ በጩኸት ነው ያመለጠችው። ሰው መብላቱ አይቀርም ተባለ። አያ ይማምና አባቴ ተነጋገሩ፦ አባቴ ጎህ ሲቀድ ሄዶ ከገደሉ በላይ ከመሻገሪያው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ አያ ይማም በታች በኩል ገብተው ነብሩን ወደ እሱ ያወጡታል። «እኔ እግርና አፍንጫ፣ አንተ ዓይንና ጣት» አሉት።

ያን ቀን ጠዋት ጉሙ ደጃችን ላይ ነበር፤ ነፋሱ ያፏጫል፣ ዝናቡ ያካፋል። አባቴ ገና ሳይነጋ ወጥቷል። እናቴ ላም ታልባለች። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳለ አያ ይማም ጦራቸውን ይዘው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ።

«እንዴት አደርሽ የሽዬ። አባትሽ ሄደ?»

«አዎ፣ ሄዷል።»

«ምንሽሯን ይዟል አይደል? ይህ ዝናብ የዋዛ አይደለም።»

አባቴ እንዳልናገር ብሎኛል። ደግሞም እንዴት እንደተለወጠች ብጠየቅ የእኔ ውሸት ይወጣል። ይህ ሁሉ በአንዲት ትንፋሽ ውስጥ ሽው ብሎ አለፈ።

«አዎ» አልኩ።

«አብሽሪ እንግዲህ፤ ቆዳውን ይዤልሽ እመጣለሁ» ብለው ራሴን ዳበስ አድርገው ወረዱ። ጉሙ ሲውጣቸው ቆሜ አየሁ። «አያ ይማም!» ብዬ ልጣራ አፌን ከፍቼ ነበር። አልተጣራሁም።

መንደሩ ሁሉ የተኩስ ድምፅ ይጠብቅ ነበር። ተኩስ አልተሰማም። የተሰማው የሰው ጩኸት ነው፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ የአባቴ ድምፅ፣ እየደጋገመ፣ እንደ እብድ። ወንዶቹ ዱላና መጥረቢያ ይዘው በየአቅጣጫው ወደ ገደሉ ሮጡ።

በኋላ እንደሰማነው ነብሩ ከቁጥቋጦው ሲወጣ ከአባቴ ሃያ እርምጃ አይርቅም ነበር። ምላጩን ሳበ፤ ምንም የለም። ሊያቀባብል ሲታገል ዝናብና አፈር የበላው ብረት ግማሽ መንገድ ላይ ተነከሰ፤ ልክ ያኔ ግቢው ውስጥ እንደሆነው። ነብሩ ሰው ሸቶት ወደ መጣበት ተመለሰ፣ አያ ይማምንም ከጠባቡ መተላለፊያ ላይ አገኛቸው። ጦራቸውን ሳያነሡ ቀኝ ክንዳቸውን ያዘ። አባቴ ጠመንጃዋን ወርውሮ፣ በዱላ ብቻ፣ ከድንጋዩ ዘልሎ ወረደበት። ነብሩ ለቀቃቸውና በጉሙ ውስጥ ጠፋ።

በቃሬዛ ይዘዋቸው በደጃችን ሲያልፉ ሮጬ ወጣሁ። ክንዳቸው በአባቴ ጋቢ ተጠቅልሏል፤ ጋቢው ነጭ አልነበረም። አንድ ሰው ከኋላ ጠመንጃዋን ይዞ ይከተላል። አያ ይማም ዓይናቸውን ገልጠው እሷን አዩ።

«ይቺ አይደለችም» አሉ። «ደምሴ፣ ይቺ እኮ የእኔ ምርጫ አይደለችም።»

አባቴ ቃሬዛውን እንደተሸከመ አለቀሰ። ከዚያ አያ ይማም በር ላይ ወደ ቆምኩት ወደ እኔ ዓይናቸውን መለሱ። ቁጣ አልነበረበትም። አንድ ያልገባቸውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነበር ያዩኝ። ተሸካሚዎቹ ግን አልቆሙም።

መካነ ሰላም ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው፤ ሕይወታቸው ተረፈ፤ ክንዳቸውም አልተቆረጠም። እጃቸው ግን ከዚያ ወዲያ አልጨበጠም። እርፍ የማይጨብጥ ገበሬ ምን ይባላል? ተመልሰው በመጡ ማግስት አባቴ እግራቸው ላይ ወደቀ። እኔ እናቴ የሰጠችኝን ወተት ይዤ ደጃፍ ላይ ነበርኩ፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። አባቴ «ለሠርግ ታይታ ብዬ ነው፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለ እንጂ ስሜን አላነሣም። ያ ይሻል ወይም ይከፋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

 «መለወጥህስ ባልከፋኝ» አሉ አያ ይማም። «ንብረትህ ናት። ግን ብትነግረኝ በታች በኩል አልገባም ነበር። ቃል ነበር የሚበቃኝ፣ ደምሴ። አንድ ቃል።»

ወተቱን መሬት ላይ አስቀምጬ ሮጥኩ።

አባቴ ጠመንጃዋን ሸጦ ሁለተኛ ጠመንጃ አልያዘም። እስኪሞት ድረስ በየክረምቱ የአያ ይማምን ማሳ ሳያርስ የራሱን አላረሰም። እኔ አደግሁ፣ መካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ተማርኩ፣ ከዚያ ደሴ ቀረሁ። ለመስከረም አገር በገባሁ ቁጥር ግን ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወደ አያ ይማም ቤት እሄድ ነበር። ግራ እጃቸውን ዘርግተው ይጨብጡኛል፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ እርጎ ያቀርባሉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ እናወራለን፣ ሰዓቱ ይመሻል፣ ሳልናገር እወጣለሁ። «ምንሽሯን ይዟል አይደል?» ብለው የጠየቁኝን አንድም ቀን አላነሡም። ረስተውት ይሁን፣ ልጅ ናት ብለው ትተውት ይሁን፣ አላወቅሁም።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ነው፤ ዓይናቸው ፈጽሞ ጠፍቷል። ድምፄን ሰምተው ለዩኝ። ትንሽ ተጫወትንና በድንገት «የሽዬ፣ አንድ ነገር ልትነግሪኝ የመጣሽ ትመስያለሽ» አሉኝ።

 በሩ ተከፍቶልኝ ነበር፤ በእሳቸው እጅ።

«አይ አያ፣ እንዲሁ ልጠይቅዎት ብዬ ነው» አልኩ።

«ደግ» አሉ። «ደግ አደረግሽ።»

በዓመቱ ሞቱ። የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ብቻ ነው አፌ የተፈታው። ለለቅሶ ሄጄ፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቄ፣ ለእትዬ ዘይነባ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የፈጠርኩትን ወሬ፣ በር ላይ ያልኩትን «አዎ»፣ አጥሩ ሥር የዋጥኩትን። ሲሰሙኝ ፊታቸው አልተለወጠም።

«ይህ ለሱ ነበር» አሉ ስጨርስ። «እኔ ምን ላድርገው ልጄ?»

 ተነሥተው ምግብ አቀረቡ፣ ብይ አሉኝ፣ በላሁ። ሲሸኙኝ መንገዱ ላይ ቆም አሉና «ለአባትሽ ሁልጊዜ ዱዓ አደርጋለሁ» አሉኝ። «ላንቺ ግን ገና አልቻልኩም። አልዋሽሽም።»

ዛሬ አገሬ ተለውጧል። ግማሽ ቀን የምንሄድበት መንገድ መኪና ገብቶበታል። ጫካው ይጠበቃል፤ ነብር መግደል ክልክል ነው፣ የመንደሩ ልጆችም ነብር በሥዕል እንጂ በዓይናቸው አያውቁም። ጠመንጃ የሚመርጥ ጎረምሳም አፈር የሚበትንለት ሽማግሌ አይፈልግም፤ በስልክ ፎቶ አይቶ ይስማማል። ያኔ አንድ መልእክት ደሴ ለመድረስ ቀናት ይፈጅ ነበር፣ ዛሬ ከክፍል ወደ ክፍል ስሄድ እንኳ መካነ ሰላም ደውዬ የእህሉን ዋጋ እጠይቃለሁ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሰው ግን ለሰው የሚለው ዋና ነገር ያኔም ዛሬም ያው ከባድ ነው፤ ተማሪዎቼ አንዳች ነገር ሊነግሩኝ ጠረጴዛዬ ዘንድ መጥተው «እንዲሁ ነው ቲቸር» ብለው ሲመለሱ ሳይ አልለቃቸውም። አስቀምጬ እጠብቃለሁ።

ለመስከረም አሁንም እሄዳለሁ። እትዬ ዘይነባ አርጅተዋል፤ እንጨት እፈልጥላቸዋለሁ፣ ውኃ እቀዳላቸዋለሁ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን እሳት እንሞቃለን። ስለ ዱዓው ጠይቄያቸው አላውቅም። ዘንድሮ ስነሣ ግን እጄን ያዙና ትንሽ ቆዩ፤ አንዳች ነገር ሊሉኝ አፋቸው ተንቀሳቀሰ። ቆሜ ጠበቅሁ። ጉሙ እየወጣ ነበር።

«ሂጂ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ» አሉኝ።